የሚዞረው ምግብ ቤት

የአውቶቡስ ሹፌሩና ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ከሰነበቱ በኋላ፣ ለዕርቃቸው ብለው ከከተማው ማማ ጫፍ ላይ ምሳ ሊበሉ ወጡ። ምግብ ቤቱ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ከተማውም በመስኮቱ ፊት ተራውን ጠብቆ ያልፋል።

«ያውልህ ቤታችን!» አለች ሚስቱ፣ እንደ ልጅ እየሳቀች። ሰማያዊውን ጣሪያና ጓሮ የተሰጣውን አንሶላ ለየው። ሳቋን ከሰማ ስንት ጊዜው! አንጀቱ ራሰ።

ሾርባቸውን ጨርሰው ቤቱ ዳግመኛ ብቅ ሲል፣ አንዲት ሴት አንሶላውን እየሰበሰበች ነበር። ከዚያ ርቀት ፊቷ አይለይም።

«ጎረቤታችን ትሆናለች» አለ። ሚስቱ ወደዚያ ዞር አላለችም፤ እሱን ብቻ ታየዋለች።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ ቁጥር ነው። ስልኳን ቤት ረስታው ጎረቤቷ አግኝታው ይሆናል ብሎ አነሳው።

«ደመናው ስላላማረኝ ልብሱን እያስገባሁ ነው» አለ የሚስቱ ድምፅ፣ ኩርፊያው ሳይለቀው። «አንተ ሰውዬ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ እኮ! የት ነው ያለኸው?»

ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ዝጋው» አለች፣ እየሳቀች። «እኔና አንተ ታርቀን የለ?»