የስማራግዳ መስመር

ኤቫንቲያ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ በሩን በክርኗ ገፍታ ወረደች። የፈረቃዋ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ የሆስፒታሉ አንሶላ ደግሞ ራሱን በራሱ አያጥብም። ቶሎ ቶሎ ተራምዳ የመንገድ ክፍያ ኬላውን መዝጊያ ዘንግ ከሥር ያዘችው።

«ዛሬም አልከፍልም፣ የኔ ቆንጆ!» አለች ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ሳትዞር። በየጠዋቱ እንደ እንዴት አደርሽ የምትለው ነገር ነው።

አውራ ጎዳናው የድሮውን መንገድ ውጦ ካለፈ ጀምሮ መንደራቸው ፓላምፔሊ ከወዲህ፣ ከተማው ከወዲያ ቀርቷል። ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የወይራ መጭመቂያውም ከኬላው ማዶ ናቸው። የአቴንስ ሰው በበጋ አንዴ ለባሕር ሲወርድ ይከፍላል፣ ይረሳዋል። የፓላምፔሊ ሰው ግን ለሥራ ሲሄድ ይከፍላል፣ ሲመለስ ይከፍላል፣ ልጅህን አሞታል ተብሎ ትምህርት ቤት ሲጠራም ይከፍላል። ይኼ ግፍ ካልሆነ ግፍ የሚባል ነገር የለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ «ከእንግዲህ አንከፍልም» ሲባባሉ ከሁሉም በላይ የጮኸችው ኤቫንቲያ ነበረች። ዘንጉን መጀመሪያ በእጇ ያነሳችውም እሷ ናት።

በየትኛው መስመር እንግባ ሲሏትም መልሱ ከአፏ አልጠፋም። በሌሎቹ የኬላው መስመሮች የተቀመጡት ገንዘብ ተቀባዮች ታርጋ ይመዘግባሉ፣ ፖሊስ ይጠራሉ። ስማራግዳ ግን የመንደሩ ልጅ ናት፤ ኤቫንቲያ ራሷ ክርስትና ያነሳቻት፣ በየፋሲካው ሻማና አዲስ ጫማ እየገዛች ያሳደገቻት። «በልጃችን በኩል እለፉ» አለቻቸው። መንደሩም በሙሉ በልጅቷ በኩል ማለፍ ጀመረ።

«ኖና፣ አታንሺው!»

«ኖና»፣ የክርስትና እናት፣ ብላ የምትጠራት ስማራግዳ ብቻ ናት፤ ኤቫንቲያ ዞረች። ስማራግዳ በመስኮቷ ብቅ ብላ፣ ድምፅ የሚቀዳውን የማይክሮፎን አፍ በመዳፏ ሸፍናለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ምን ሆነሻል? አመመሽ እንዴ?»

«ትናንት አለቃው ጠራኝ። ካሜራው የቀረጸውን አሳየኝ። በሌላው መስመር አንድ ሁለት ሰው ነው ሳይከፍል የሚያልፈው፤ በኔ መስመር መንደሩ በሙሉ! ‹ከነሱ ጋር ተመሳጥረሻል› አለኝ። ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ዘንጉን በእጁ ካነሳ፣ ነገ እንዳትመጪ ተብያለሁ።»

«ታዲያ ማታ አትነግሪኝም ነበር?»

«ደወልኩልሽ እኮ! ‹የኬላው ስብሰባ ላይ ነኝ› ብለሽ ዘጋሽብኝ።»

ከኋላ ክላክስ ጮኸ። ፓንዴሊስ ነው፤ ብርቱካን ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርደው ጎረቤቷ። «ኤቫንቲያ!» አለ ጭንቅላቱን አውጥቶ፤ «ምነው ዛሬ? አረጀሽ እንዴ? መጥቼ ላግዝሽ?» ከሱ ኋላ የመንደሩ መኪኖች ተሰልፈዋል።

«እነግራቸዋለሁ» አለች ኤቫንቲያ።

«እንዳትነግሪ! አስጠነቀቀቻቸው ከተባለ ያው መመሳጠር ነው። አለቃው አሁንም ከላይ በካሜራው እያየን ነው። ቤት ውስጥ ደሞዝ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ ኖና። በናትሽ።» መዳፏን ከማይክሮፎኑ ላይ ስታነሳ ድምፅዋም አብሮ ተቀየረ። «እንደምን አደሩ፣ እመቤት። ክፍያዎን እባክዎ።»

እመቤት መባሏ ኤቫንቲያን ከሁሉም በላይ አሳመማት። ወደ መኪናዋ ተመልሳ ቦርሳዋን በረበረች። ለኬላ የሚሆን ገንዘብ ይዛ መውጣት ከተወች ቆይታለች፤ ለምሳ ያሰበችውን አወጣችና በመስኮቱ ሰጠች። የልጅቷ ጣቶች ቀዝቃዛ ነበሩ። ዘንጉ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ የኤቫንቲያ ፊት በንዴትና በሀፍረት ጋለ።

«ከፈለች!» ሲል ሰማችው ፓንዴሊስን። «ኧረ ጉድ ነው፣ ኤቫንቲያ ከፈለች!»

ኬላውን አልፋ ማርሽ ቀየረች። ሥራ ረፍዷል፤ እሷ የራሷን አድርጋለች፤ ሌላው የሌላው ነው። እንዲህ እያለች ስፖኪዮውን ከማየት ግን አልቦዘነችም። ፓንዴሊስ ሱሪውን ወደ ላይ እየሳበ ከመኪናው ወረደ። ለስማራግዳ እንደ ልጁ እጁን አውለበለበላትና ከኤቫንቲያ ኋላ ወደ ወረደው ዘንግ ተራመደ።

ኤቫንቲያ ፍሬን ያዘች። በሩን ክፍት ትታ ወደ ኋላ ሮጠች።

እሱ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ እኩል ደረሱ። እሱ ከሥር ሲይዘው እሷ ከላይ በሁለት እጇ ተጫነችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» እየሳቀ ነበር። «ልቀቂ እንጂ፣ ገበያው አመለጠኝ!»

«ክፈል፣ ፓንዴሊስ።»

«ምን?»

«ክፈልና እለፍ።»

ሳቁ ከፊቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ኤቫንቲያ ወደ ስማራግዳ አልዞረችም፤ ካየቻት ምስጢሩ ከአፏ እንደሚያመልጥ ታውቃለች።

«የኬላው ሰዎች ስንት ሰጡሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ እሱን በጥፊ ማለትም አማራት።

«ክፈል» አለችው ደግማ።

ከሱ ኋላ የመኪኖቹ በሮች አንድ በአንድ ሲከፈቱ ሰማች፤ ጎረቤቶቿ እየወረዱ ነው። ደረቷን ዘንጉ ላይ ጥላ፣ ባላት ክብደት ሁሉ ወደ ታች ተጫነችው።