የሰኞ ፊርማ

ሶፍቱ አይንቀሳቀስም።

ቀጭን ቁራጭ ነው፤ በሁለት ጣቴ ይዤ ከካቢኔቱ አፍ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ካቢኔቱ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ፣ ከምንመረምረው አክታ የሚነሳውን የቲቢ ጀርም ከፊታችን ማራቅ ነበረበት። ደህና ቢሆን ሶፍቱም ወደ ውስጥ ይሳብ ነበር። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ሶፍቱ ግን ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ «ተመርምሯል» የሚል አዲስ ተለጣፊ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ከሰዓት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ።

«ነገር አታክብጂ» ይለኛል። «እንግዶቹ ይሂዱና ባለሙያ እናስጠራለን።»

እሱን ሥራ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያልኩ ነው ያስተማርኩት፤ ዛሬ አለቃዬ ሆኖ ውሸት ሊለጥፍ መጥቷል። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተለጣፊውን ከእጁ እነጥቀዋለሁ።

«እዚህ ወንበር ላይ ማን እንደምትውል ታውቃለህ አይደል?»

ያውቃል። የእህቴ ልጅ ናት። እዚህ ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ፤ እናቷ «አደራሽን» ብላ ነው የሰጠችኝ። አሁን ጋዋኗን እንደለበሰች በሩ ጋ ቆማለች። ሳል ከጀመራት ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ጉንፋን ነው ትላለች።

«ልጅቷን ልትገድላት ነው?» እለዋለሁ። «ለይስሙላ ወረቀት ብለህ የሰው ልጅ ሳንባ ታስበላለህ?»

«አክስቴ» ትላለች ከበሩ፣ ቀስ ብላ። «ሶፍቱ እንደማይሳብ እኔ አይቼ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላው ነው።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ቅጹ ላይ ፊርማሽ አለ። አንቺ ደህና ነው ካልሽ እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው።»

ቅጹ ካቢኔቱ ጎን ላይ ተለጥፏል። በየጠዋቱ ሶፍቱን ሞክሬ የምፈርምበት ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ፊርማዬ ግን ዓርብ ደርሷል። ሰኞ ጠዋት አምስቱንም ቀን አንድ ላይ መፈረም ከለመድኩ ቆይቻለሁ። ማሽኑ እስካጉረመረመ ድረስ ምን ይሆናል እያልኩ። ዛሬም የሞከርኩት ተቆጣጣሪዎቹ አሳዪን ቢሉኝ እንዳላፍር ነው።

ኃላፊው ቅጹን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ንዴቴ እንዳለ ነው፣ የማወርድበት ሰው ግን አጣሁ።

ልጅቷ ጭምብሏ ውስጥ ታስላለች።

ካቢኔቱን አጠፋለሁ። ከመደርደሪያው አንድ ባለክዳን የአክታ ዕቃ አወርድና ስሟን እጽፍበታለሁ።

«ነገ ጠዋት ከአልጋሽ እንደተነሳሽ፣ ምንም ሳትቀምሺ» እላታለሁ።

«እሺ አክስቴ» ትልና፣ የሰጠኋትን ሁሉ እንደምትቀበለው፣ በሁለት እጇ ትቀበለኛለች።