በድዱ ዳር

ይሄ ሁሉ ደም ከየት መጣ? ዘህራ የልጅ ልጇ ኑሃ ጥርሷን ቦርሻ ሳፋው ላይ የተፋችውን ቀይ አረፋ አየች። አንዲት የጤና ባለሙያ ስለ ጥርስ አቦራረሽ ያሳየቻትን አልረሳችምና ብሩሹን ከእጇ ቀማቻት።

«እንደ ድስት አትፈግፍጊው እንጂ! ወደ ድድሽ ዘንበል አድርገሽ፣ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ላይ ቀስ እያልሽ አዙሪው።»

«አኮ፣ እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ!» አለች ኑሃ አያቷን በኦሮምኛ ጠርታ፤ እየሳቀች ግን እንደ ሕፃን አፏን ከፈተችላት። ድዷ አብጦ ቀልቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደማሽ?»

«ከጎሬ፣ ከባሌ ቤት ሳልመጣ ነው። ወር አልፎታል።»

የዘህራ እጅ ቀጥ አለ። የእሷም ድድ እንዲህ የሚያብጠው ስታረግዝ ነበር፤ በአምስቱም ልጆቿ። አምና ኑሃ ስታረግዝ ዘህራ ደስታዋን መቻል አቅቷት ለመቱ ከተማ ገበያተኛ ሁሉ አወራች። በሦስተኛው ወር አስወረዳት። ከዚያ ወዲህ ዘህራ «በእኔ አፍ ነው» እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። አሁንም «አርግዘሽ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ብሩሹን አለቅልቃ መለሰችላት።

ኑሃ አያቷን ትክ ብላ አየቻት። ተጉመጠመጠች፣ ሻርፗን ተከናነበች፣ አያቷ እያየቻት መዳፏን ሆዷ ላይ አሳርፋ ከቤት ወጣች።