ተቀማጭ ሐዘን

ድሮ ልጅ ፈተና ላይ ከሆነ መርዶ ይደበቅለት ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲው ሞቱን ወዲያው ይነግረውና ሐዘኑን ከላዩ ወስዶ ያስቀምጥለታል። ከፈተና በኋላ ይመለስለታል፤ ልጁ ከፈለገ።

አባቷ አሥራት በሞተ በወሩ ልጄ ሶስና ኮምፕሌክስ አናሊሲስ የሚሉትን የሒሳብ ፈተናዋን ጨርሳ መጣች። ሐዘኗ ተመልሶላት ከሆነ ራሷን ትስታለች ብዬ ሁለት ጎረቤቶች በር ላይ አቁሜ ነበር። ሁላችንንም ሳመችንና ገብታ የአባቷ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ዞረነው ነው የምናልፈው። ጎረቤቶቹ ተያዩና ቀስ ብለው ወጡ።

«ፈተናውስ?» አልኳት፣ ሌላውን መጠየቅ ፈርቼ።

«ኤ አገኘሁ፣ እማ።» ጣቷን በስኳሩ ዕቃ ዙሪያ እያዞረች ታስረዳኝ ጀመር። «ዞረሽ ዞረሽ የተነሣሽበት ስትመለሺ፣ መሃሉ ደህና ከሆነ ድምሩ ዜሮ ነው። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ካለ ግን፣ ሳትነኪው ዙሩ ራሱ ሊነግርሽ ይችላል።»

«ጎበዝ። ሐዘኑንስ መቼ ትወስጃለሽ?»

«በሚቀጥለው ሴሚስተር የባሰ ኮርስ አለ። ከዚያ በኋላ።»

ከዚያ በኋላም ሌላ የባሰ እንደሚኖር ታወቀኝ። ሻይ ላመጣላት ተነሣሁና እንደለመድኩት ወንበሩን በግድግዳው በኩል ተጠግቼ ዞርኩ።

ሶስና እግሯን ሰብስባ ሳቀች። «በዚህ በኩል ሰፊ አይደል እንዴ፣ እማ? ምን ያዞርሻል?»