በግ ይሻላል

የፋሲካ ማለዳ ጎበዜ በጉን ጓሮ አጋድሞ ቢላዋውን ሲያነሳ፣ ሚስቱ እታፈራሁ አጠገቡ ቆማ ለከርሞ የሚያረቡትን ትወስን ነበር።

"ፍየል አናረባም፤ ስትታረድ ጩኸቷ አንጀት ይበላል። ዶሮም ቢሆን ስንቱን ታርዳለህ? በግ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው።"

"እንዳልሽ" አለና ጎበዜ የወጥ ማማሰያዋን በጥርሱ ነከሰ።

"እሱን ደግሞ እንደ አምናው አኝከህ እንዳትጥለው!"

"ያረደ ሕመሙን ይካፈል" የሚለው ሕግ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቢላዋ የሚታረደውን እንስሳ ሕመም ለአራጁ ያስተላልፋል። ድሮ ሴት ዶሮ ይዛ ደጅ ብትቆም አላፊ አግዳሚው ወንድ ያርድላት ነበር፤ ዛሬ ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል።

ጎበዜ "በስመ አብ" ብሎ ቢላዋውን ሳበ። ደሙ ሲፈነዳ ማማሰያው አፉ ውስጥ ተሰበረ፣ እሱም በጀርባው ወደቀ። አንገቱ በግማሽ የተቆረጠው በግ ተነስቶ ጓሮውን በደም እያጠበ ሮጠ።

ሴት አታርድም። እታፈራሁ ግን እንዲህ ሆኖ ልትተወው አልቻለችም፤ ቢላዋውን ከመሬት አንስታ በጉ ላይ ወደቀችበትና አንገቱን ገዘገዘችው።

የገዛ ጉሮሮዋ ተተረተረ። የትኛዋም ፍየል ጮሃ የማታውቀው ጩኸት መውጫ አጥቶ ደረቷን ሰነጠቀው። በጉ ድምፅ ሳያሰማ ሞተ።

እየዳኸች ወደ ባሏ ሄደችና ከደማው ከንፈሩ ላይ የእንጨት ስንጣሪ ነቀለች።

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገርከኝም?"

"ዝም የሚል ይሻላል ስትዪ ነበራ" አላት።