የወይዘሮ ዘመነች ጣሪያ

ቀዳማዊ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጣሪያ ተነጥቋል። ሦስቱንም የነጠቀው አንድ ሰው ነው፤ ቀጄላ ይባላል።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው። ለሁለት ተፎካካሪ የሞባይል ኩባንያዎች አንቴና የሚተከልበት ጣሪያ ያፈላልጋሉ፤ ከባለቤቱ ጋር ይዋዋላሉ። ቀድሞ ያስፈረመ ሰፈሩን ይወስዳል።

ሰኞ ጠዋት አለቃው ሃፊዛ ቢሮዋ ጠራችው።

«ቤቴል ከክሊኒኩ በታች ያለው ሰፈር አሁንም ኔትወርክ የለውም። ሰዎች እዚህ ድረስ እየመጡ ይጮኹብናል» አለችው። «እዚያ ከፍ ያለ ቤት አንድ ብቻ ነው። ዓርብ ውሉን ካላመጣህ ኮንትራትህን ለማሳደስ የምለው ነገር የለኝም።»

ቀዳማዊ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቀጄላ ከግቢው እየወጣ ነበር። ሰላም ተባባሉና ተላለፉ።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ላይኛው ገና መስኮት አልተገጠመለትም። ምድር ቤት ወይዘሮ ዘመነች የሚባሉ ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሴት ልብስ ይሰፋሉ። ቀዳማዊ ስለ አንቴናው አስረዳቸው። ኩባንያው በየወሩ የሚከፍለውንም ነገራቸው። ሴትዮዋ ስለ ገንዘቡ ምንም አላሉም።

«ከጓዳ ሆኜ ስልክ ይሰማኛል?» ብለው ጠየቁ።

«በደንብ ይሰማዎታል።»

«አሁን መስኮቱ ጋ ካልቆምኩ አይሰማም። እሱም ይቆራረጣል።»

«የቤቱን ካርታ ባየው ጥሩ ነበር።»

«ካርታው እዚህ የለም፣ ሳንሱሲ ሰፈር ነው ያለው። እሱ ይደርሳል ልጄ። መጀመሪያ ኔትወርኩ ሲሠራ አሳየኝ።»

ቀዳማዊ ሲወጣ አንድ ነገር ገባው። ሴትዮዋ ቀላል ተደራዳሪ አይደሉም።

ማክሰኞ ቀጄላ ካርቶኑ ያልተከፈተ ዘመናዊ ስልክ ይዞላቸው ሄደ። ወይዘሮ ዘመነች ስልኩን መለሱለት። ይህን ከሰዓት ጎራ ላለው ቀዳማዊ የነገሩት ራሳቸው ናቸው።

«የሌላውን ኩባንያ ሲም አይቀበልም፣ ተቆልፏል አለኝ። እኔ ደግሞ አንዱ ሲጠፋ በሌላው እንዲሠራልኝ ነው የምፈልገው።»

ቀዳማዊ በመጀመሪያ ደስ አለው። ታክሲ ውስጥ ሲገባ ግን ሐሳቡ ተገለበጠ። ያን የመሰለ ስልክ የሚመልስ ሰው ትልቅ ነገር የሚጠብቅ ሰው ነው።

በማግስቱ ከመጋዘን የኔትወርክ ማጠናከሪያ በውሰት አውጥቶ መጣ። መሰላል ሲያነሳ ወይዘሮ ዘመነች ከልብስ ስፌት መኪናቸው ተነሱ።

«ጣሪያው ላይ ሚስማር እንዳትመታ። መስኮቱ ጋ በገመድ እሰረው።»

እንዳሉት አደረገ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጓዳ ገብተው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። ተመልሰው ሲወጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጌታ ይባርክህ» አሉት።

ሐሙስ ሲመለስ የቀጄላ ማጠናከሪያ በሌላኛው መስኮት ታስሮ አገኘው። ወይዘሮ ዘመነች ጓዳ ውስጥ በስልክ እያወሩ ነበር። ቀዳማዊ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጆሮውን መከልከል አልቻለም።

«ወረቀቱ እጅ ሳይገባ ምንም ፊርማ የለም» ይላሉ ቀስ ብለው። «አዎ። ዓርብ ያልቃል። እስከዚያ ማንም እንዳይሰማ።»

ሳይሰናበት ወጣ። በሩ ላይ አንዲት ጎረቤታቸውን አስቆማትና ሴትዮዋ ከማን ጋር እንደሚያወሩ ጠየቃት።

«ለማንም አይናገሩም» አለችው። «ስልክ ይደወልልኛል ብለው ከቤት አይወጡም። ቸርች ከቀሩ ሦስተኛ እሑዳቸው ነው፤ እንዲህ ሆነው አያውቁም።»

ቀዳማዊ እስከ አየር ጤና በእግሩ ሄደ። ቁጭ ማለት አልቻለም። መንገድ ላይ ቀጄላ ጋ ደወለ።

«ስንት ጨመርክላቸው?»

«አንተስ ስንት ጨመርክ?» አለ ቀጄላ። «እኔ ፊታቸው ተቀምጬ እንኳ ያንተን ስልክ ነው የሚጠብቁት።»

«እኔ ደውዬላቸው አላውቅም።»

ቀጄላ ስልኩን ዘጋው። ቀዳማዊ አላመነውም።

ሃፊዛን ለምኖ ኪራዩን በግማሽ አስጨመረ። ካርታው በኋላ እንዲቀርብም አስፈቀደ። ዓርብ ጠዋት ውሉን በፋይል ይዞ ታክሲ ተሳፈረ። መንገዱ ተዘጋግቶ አላንቀሳቅስ ሲል ወረደና ሮጠ። ቤቱ ጋ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ቀጄላ የራሱን ፋይል በብብቱ ይዞ በሩን እያንኳኳ ነው።

ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ።

በሩን የከፈተላቸው የማያውቁት ጎልማሳ ሰው ነው።

«ወይዘሮ ዘመነችን ፈልገን ነበር» አለ ቀዳማዊ።

«ቦሌ ሄደዋል። ልጃቸው ራዕይ ዛሬ ከቤይሩት ትገባለች» አለ ሰውዬው። «አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ይዘው፣ ደመወዜን ተቀብያለሁ ብለሽ ካልፈረምሽ ከቤት አናስወጣሽም ብለዋት ነበር። እሷ ተደብቃ በደወለች ቁጥር እናቷ ከዚህ ሆነው ምን እንደምታደርግ እየነገሯት፣ ያለችበትን ለሚረዷት ሰዎች እያስተላለፉ ነው ያስወጧት። እኔም የሰማሁት ትናንት ነው።»

ቀዳማዊና ቀጄላ በሩ ላይ ከቆሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

«እንኳን ደስ ያላቸው» አለ ቀጄላ ፋይሉን ከብብቱ እያወጣ። «እኛ ግን ስለ ጣሪያው ልንፈራረም ነበር የመጣነው።»

ሰውዬው ወደ ቤቱ ዞር ብሎ ቀና አለና መልሶ አያቸው።

«ስለ የቱ ጣሪያ? ወይዘሮ ዘመነች እኮ ተከራዬ ናቸው።»