ማናት?

«ባለቤትዎ ሲጋራም ጫትም የማያውቁ ከሆነ» አላት ሐኪሙ፣ «ምላሳቸው ሥር የወጣው ካንሰር ምናልባት ከቫይረስ የመጣ ይሆናል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ሃያ ዓመትም ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እሷ ልብ ውስጥ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ማናት?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባሏ አልጋ ሥር ንቅንቅ አላለችም። ለማስታመም ብቻ አይደለም። ሊጠይቁት ከሚመጡት ሴቶች የትኛዋ አብዝታ እንደምታለቅስ ለማየት ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ፈትለወርቅ ስኳር የሌለበት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ መጣች። ስኳር እንደማይወድ ማን ነገራት? ፈትለወርቅ ወጥታ ገና በሩን ሳትዘጋ ሚስቲቱ አጥሚቱን እንዳለ ለጎረቤት አልጋ በሽተኛ ሰጠችው።

«እሷ ናት አይደል?» አለችው።

ባሏ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ መናገር አይችልም። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«ታዲያ ማናት? አንተማ ታውቃታለህ።»

ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እሑድ አክስቷ እትዬ ዘነበወርቅ ከደብረ ብርሃን መጡ። የበሽተኛውን አንገት ዳበስ አድርገው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምን ዓይነት ዕድል ነው ልጄ» አሉ። «የመጀመሪያው ባልሽም፣ ነፍስ ይማር፣ እንዲሁ ምላሴ ሥር አበጠ ብሎ አልነበር የጀመረው?»

ባሏ ከትራሱ እንደምንም ቀና ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ አክስቲቱንም ዝም እንዲሉ በዓይኑ ለመናቸው።